ሠራተኛውና ወረቀቱ

ባሕር ዳርን በጧት ያየ ሰው አይረሳትም። ፀሐይ ከዓባይ ማዶ ብቅ ስትል የሐይቁ ውኃ እንደ ጠጅ ይቀላል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተተከሉት ዘንባባዎች ጥላቸውን በአስፋልቱ ላይ ይዘረጋሉ፤ ሌሊቱን በታንኳ ሲቀዝፉ ያደሩት ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሰብስበው ወደ ዳር ይመለሳሉ። ጐብኚው ይህን አይቶ ፎቶግራፍ ያነሣና ደስ ብሎት ወደ ቁርሱ ይሄዳል።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ግን ፊታችሁን ከሐይቁ ወደ ከተማው መልሳችሁ ከእኔ ጋራ ጥቂት እንድትራመዱ እለምናችኋለሁ። በዚያው ሰዓት በመንገዱ ዳር ሌሎች ሰዎች ቆመዋል። አንዱ አካፋ፣ አንዱ የግንበኛ ማንኪያ፣ አንዱ የቀለም ብሩሽ ይዟል። ምንም ያልያዘም አለ፤ የእርሱ ዕቃ ሁለት እጁ ብቻ ነው። አንድ የጭነት መኪና ፍጥነቱን ቀነስ ሲያደርግ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሮጣሉ። አሠሪው በመስኮት ብቅ ብሎ «አራት ሰው!» ይላል። አራቱ ይሳፈራሉ፤ የቀሩት ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ስንት እንደሚከፈላቸው፣ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ፣ እግራቸውን ሚስማር ቢወጋቸው ማን እንደሚያሳክማቸው የጠየቀ የለም፤ የተጻፈም ነገር የለም።

በዚያው ከተማ ውስጥ ግን የሥራ ፈላጊውን ስም የሚመዘግብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ። የሠራተኛውን መብት አንድ በአንድ የሚዘረዝረው ነጋሪት ጋዜጣም ታትሞ በየመደርደሪያው ተቀምጧል። ከመንገዱ ዳር እስከዚያ መደርደሪያ ያለው ርቀት በእግር ቢለካ አጭር ነው። ይሁን እንጂ ያንን ርቀት ሳይሻገሩ የሥራ ዘመናቸውን የሚጨርሱ አያሌ ናቸው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ከነዚሁ አንዱ፣ የገዛ ተማሪዬ ነው።

ከደሴት የመጣው ልጅ

ልጁን ያስተማርሁት ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት ነው። ከጣና ደሴቶች በአንደኛው ላይ ተወልዶ ለትምህርት ሲል በጀልባ ወደ ባሕር ዳር የመጣ፣ ጸጥተኛና ጠንቃቃ ተማሪ ነበር። ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በአንድ የግል ድርጅት የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። ያስቀጠረው ዘመድ ነው፤ ቅጥሩም በቃል ነበር። «ከሰኞ ጀምረህ ና» አሉት፤ ሰኞ ሄደ። ሁለት ዓመት ያህልም ሠራ። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ እየገባ ዕቃ ይቈጥር ነበር፤ ለእሑዱ ግን የተለየ ክፍያ አልነበረውም። አንድ ቀን ይህን ነገር በትሕትና ጠየቀ። ሳምንት ሳይሞላው «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ተባለ። ይህም በቃል ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረገውን ነገር ማናችንም ብንሆን እናደርገው ነበር፤ ሽማግሌ ላከ። አጎቱና አንድ የደብሩ ቄስ ከደሴቱ በጀልባ መጡ። አሠሪው በአክብሮት ተቀበላቸው፤ ቡናም አስፈላላቸው፤ «እስቲ አስቤበት ከፋሲካ በኋላ እንነጋገር» አላቸው። ከፋሲካ በኋላ ሰውዬው ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄዷል ተባለ። ሽማግሌዎቹ እርሻ ስለ ደረሰባቸው ወደ ደሴታቸው ተመለሱ። ዳግመኛም መጡ፤ ዳግመኛም «ይታያል» ተባሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ወር አለፈ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የሰኔው ዝናብ አባርቶ ሳለ፣ በሐይቁ ዳር ከአንድ ዋርካ ሥር ተቀምጬ የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም ያ ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ብዬ ነበር» አለኝ።

«ተቀመጥ እንጂ፤ ምነው ከሳህ?»

ነገሩን ሁሉ አጫወተኝ። እኔ የሕግ ሰው ስላልሆንሁ በማግሥቱ አንድ ጠበቃ ወዳጄን ጠየቅሁ። ወዳጄ ከሁሉ አስቀድሞ ያነሣው ጥያቄ «ከተሰናበተ ስንት ጊዜው ነው?» የሚል ነበር። አራት ወር አልሁት። ራሱን ነቀነቀ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አሁን የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በ2011 ዓ.ም. የወጣ ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ያለ አግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ መክሰስ የሚችለው ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ በሦስት ወር ውስጥ ነው። ከስንብቱ የሚመነጭ ገንዘብ ለመጠየቅ ግን ስድስት ወር አለው። ሕግ ዐዋቂዎች ይህን ቀነ ገደብ «ይርጋ» ይሉታል። እንግዲህ ልጁ ሥራውን የሚያስመልስበት በር ከተዘጋ አንድ ወር ሆኖታል፤ ገንዘቡን የሚጠይቅበት በር ደግሞ ሊዘጋ ሁለት ወር ቀርቶታል ማለት ነው።

«ሽማግሌ ልኮ እየጠበቀ አልነበረምን?» ብዬ ተከራከርሁ። ወዳጄም የአዋጁን ቃል አስረዳኝ። የይርጋው ቀን መቈጠሩን የሚያቋርጠው ጉዳዩ ሥልጣን ላለው የመንግሥት አካል ሲቀርብ፣ ወይም አሠሪው የሠራተኛውን መብት በጽሑፍ ሲያምን ነው። ቡና እየተጠጣ የተሰጠ ተስፋ ቀኑን አያቆመውም።

ይህን ስል ሽምግልናን የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ። ሕጉ ራሱ አስማሚ የሚባል ሰው መድቦ አሠሪና ሠራተኛ እንዲታረቁ ይፈቅዳል። ለማለት የምፈልገው፣ ሽማግሌውም ይሂድ፣ አቤቱታውም ይግባ ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለታሪክና ለርስት ብቻ አይደለም፤ ለደመወዝም ይሠራል።

ሕጉ ከየት መጣ?

አንዳንድ ሰው የሠራተኛ ሕግ ትናንት ከውጭ አገር የመጣ ፋሽን ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም።

በጥንቱ ዘመን በጣና ዙሪያ የነበረው ሥራ በፀሐይና በደወል የሚለካ ነበር። ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚሠራው ወይጦ፣ በዘጌ ጫካ ውስጥ ቡና የሚለቅመው ሰው፣ በሬውን ጠምዶ የሚያርሰው ገበሬ ጊዜያቸውን የሚያዙት ራሳቸው ነበሩ። በሰው ቤት የሚያድር ቢኖር በጌታና በሎሌ ልማድ ይተዳደር ነበር፤ ጌታው ደግ ከሆነ ሎሌው ጠገበ፣ ክፉም ከሆነ ተራበ።

በ1953 ዓ.ም. የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲቋቋም አዲስ ነገር መጣ። ፋብሪካው የተሠራው ኢጣልያ ለጦርነቱ ካሣ ይሆን ዘንድ በከፈለችው ገንዘብ ነው። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራውን ጀመረ። የገበሬው ልጅ በፈረቃ መግባትን፣ በሰዓት መፈረምን፣ በወር መጨረሻ ደመወዝ መቀበልን ተማረ። ከማያውቀው ሰው ጋራ፣ በማያውቀው መኪና ላይ፣ ለማያውቀው ገበያ ይሠራ ጀመር። የጌታና የሎሌ ልማድ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አልበቃም።

ሕጉም ተከትሎ መጣ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ኢትዮጵያዊ ሁሉ የፈለገውን ሥራ እንዲይዝ፣ ለዚህም ሲል በሕግ መሠረት ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል ደነገገ። በ1954 ዓ.ም. ስለ አሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ድንጋጌ ወጣ። በ1955 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ። በ1956 ዓ.ም. ድንጋጌው ተሻሽሎ አዋጅ ቁጥር 210 ሆነ። በዚያ አዋጅ መሠረት ማኅበር ማቋቋም የሚችሉት 50 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉበት ድርጅት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ቁጥሩ ወደ 10 ወርዷል።

ይህ ሁሉ ግን በልመና ብቻ የተገኘ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የካቲት 28 ቀን ማኅበሩ የጠራው አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ አራት ቀን ቆየ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የሠራተኛው ሕግም ሲለወጥ ኖሯል፤ በ1968፣ በ1985፣ በ1996፣ በመጨረሻም በ2011 ዓ.ም. አዳዲስ አዋጆች ወጥተዋል። እንግዲህ ሕጉ የኖረው ከስድሳ ዓመት በላይ ነው። ያ የደሴት ልጅ ግን ከተወለደ ጀምሮ ስለ ሕጉ የነገረው ሰው አልነበረም።

ሥራና ሠራተኛን ስለ ማገናኘት

ሠራተኛውን ከመጠበቅ በፊት ሥራ ማግኘት አለበትና፣ አሁን ስለ ሥራ ፈላጊው እንነጋገር።

በየማለዳው መንገድ ዳር ቆሞ አሠሪ መጠበቅ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ከአንድ መቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገርም ሥራ ፈላጊው ከፋብሪካ በር ወደ ፋብሪካ በር እየዞረ ጫማውን ይጨርስ ነበር። ዊሊያም ቤቨሪጅ የሚባለው ሊቅ ይህን አጥንቶ፣ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችልም ነገሩን ወደ ፓርላማ አቅርቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ሕግ ወጣ፤ በ1910 በየካቲት ወር መንግሥት የከፈታቸው የሥራና ሠራተኛ ማገናኛ ቢሮዎች ሥራ ጀመሩ። አሳቡ ቀላል ነው። ሠራተኛ የሚፈልግ ሁሉ በአንድ መዝገብ፣ ሥራ የሚፈልግ ሁሉ በሌላ መዝገብ ይጻፍ፤ ሁለቱን መዝገብ የሚያገናኝ የመንግሥት ሰው ይኑር።

ይህ አሳብ ኋላ ዓለም አቀፍ ሆነ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 88 መሠረት እያንዳንዱ አገር ያለ ክፍያ የሚሠራ የማገናኛ አገልግሎት እንዲኖረው ተደነገገ። አገራችን የድርጅቱ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ሲሆን፣ ይህን ስምምነት የተቀበለችው በ1955 ዓ.ም. ግንቦት 27 ቀን ነው። እንግዲህ «ያለ ክፍያ» የሚለው ቃል ከአገራችን ጋራ ያለው ውል የቈየ ነው።

በደርግ ዘመን የማገናኘቱ ተግባር በመንግሥት እጅ ተጠቃልሎ ነበር። በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ኤጀንሲዎችም በዚህ ሥራ እንዲገቡ ተፈቀደ። ዛሬ ነገሩን ከላይ የሚመራው በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲሆን፣ በክልላችን ደግሞ የአማራ ክልል ሥራና ሥልጠና ቢሮ አለ። ሥራ ፈላጊው በየቀበሌውና በየከተማው ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት በሚባለው መዝገብም ስሙ በኮምፒውተር ይገባል።

«ተመዝግቤ ሥራ አላገኘሁም፤ ምን ይጠቅመኛል?» የሚል አንባቢ እንዳለ ዐውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ መዝገብ ሥራ አይፈጥርም። ፋብሪካ ካልተከፈተ፣ እርሻ ካልሰፋ፣ ሆቴል እንግዳ ካላገኘ ጸሐፊው ከየት አምጥቶ ያገናኛል? ይሁን እንጂ መመዝገብ ሁለት ነገር ያስገኛል። አንደኛ፣ የተመዘገበ ሰው ይቈጠራል፤ ያልተቈጠረ ሰው ደግሞ በዕቅድ ውስጥ አይገባም። ሁለተኛ፣ አገልግሎቱ ነጻ መሆኑን ያወቀ ሰው ነጻውን ነገር ከደላላ በገንዘብ አይገዛም።

ደላላን ካነሣን ዘንድ ሁለት ነገር ልብ በሉ። በአገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ ፈቃድ ያለው የግል ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ገንዘብ እንዳይቀበል የ2011ዱ አዋጅ ይከለክላል፤ የሚከፍለው አሠሪው ነው። ወደ ውጭ አገር ለሥራ ለሚሄድ ሰው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 አለ። በዚህ አዋጅ መሠረት የቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትኬቱ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ ወጪ የአሠሪው ነው፤ ሠራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርትና እንደ ጤና ምርመራ ያለውን ነው። ዕድሜውም 18 ዓመት መሙላት አለበት። ስለዚህ አንድ ሰው ወደ ቤታችሁ መጥቶ «ለእኅታችሁ የቪዛ ገንዘብ አምጡ፣ በመተማ በኩል አሳልፋታለሁ» ቢል፣ የሚሸጥላችሁ ሕጉ የማያውቀውን መንገድ ነው። በዚያ መንገድ የሄደች ልጅ ስሟ በማንም መዝገብ ላይ የለም፤ ችግር ቢደርስባትም ማን ይፈልጋታል?

በኪስ የሚያዝ ሕግ

አሁን ሕጉ የሚሰጠውን መብት ባጭሩ ልዘርዝርላችሁ። ቈርጣችሁ በኪሳችሁ ብትይዙት ደስ ይለኛል።

ስለ ውል፦ የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ነገር ግን ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ነገር የያዘ፣ የተፈረመበት ወረቀት ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ባይሰጥ እንኳ ሠራተኛው በሕግ ያለውን መብት አያጣም። የሙከራ ጊዜ የሚኖረው በጽሑፍ ሲስማሙ ብቻ ነው፤ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም።

ስለ ሰዓት፦ መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በላይ ሲሠራ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ለሚሆነው አንድ ተኩል እጅ፣ ከማታው 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሆነው አንድ ከሦስት ሩብ እጅ ይከፈላል። በሳምንት የዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል እጅ ይሆናል። ያ ልጅ በየእሑዱ ሲቈጥር የነበረው ዕቃ የሌላውን፣ የራሱን ግን ሳይቈጥር ኖሯል።

ስለ ዕረፍት፦ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት ከደመወዝ ጋራ ይሰጣል፤ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። አባትም 3 ቀን አለው።

ስለ ጉዳት፦ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ የሕክምናውንም ወጪ ይሸፍናል። በጧት በመንገድ ዳር ያየነው የቀን ሠራተኛም ቢሆን፣ ለአንድ ድርጅት ሲሠራ እግሩን ሚስማር ቢወጋው ከዚህ ውጭ አይደለም።

ስለ ወጣቶች፦ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ የሌሊት ሥራና የትርፍ ሰዓት ሥራም አይታዘዝም። ክረምቱን ሥራ ይዛችሁ የደብተር መግዣ የምታጠራቅሙ ተማሪዎች ይህ አንቀጽ የእናንተ ነው።

ስለ ስንብት፦ አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ማሰናበት አይችልም። ምክንያት ቢኖረውም፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ሕጉ ከዘረዘራቸው ጥፋቶች ውጭ ከሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ማስጠንቀቅ አለበት። ይህም የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዚያ በላይ ላገለገለ ሦስት ወር ነው። ሠራተኛው ለክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።

ከእናንተ መካከል በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጀማሪ ጸሐፊ የሆናችሁ «ይህ አዋጅ እኛን አይመለከትም» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ይተዳደራል። ግን አንድ ነገር አስታውሱ። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ እ.ኤ.አ. በ1963 በአዋጅ ሲጸና ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት 6 በመቶ ያዋጣ ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 715 ጡረታ ያገኘው ግን በ2003 ዓ.ም. ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። ዛሬ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። በአንድ ሠፈር አብረው ያደጉ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ በመንግሥት ቢሮ፣ አንዱ በግል ድርጅት ሲሠሩ ኖረው ሲያረጁ አንዱ ጡረተኛ፣ ሌላው የወንድሙ ጥገኛ ሆኖ የኖረበት ዘመን ይህ ነው።

የሕጉ በር ያልተከፈተላቸው

ሕጉን ሳመሰግን የጐደለውንም ልንገራችሁ። የ2011ዱ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛውን ደመወዝ እንዲወስን ያዛል። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ይህ እንዲፈጸም ደጋግሞ ጠይቋል። በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ያለችው ትንሽ የደሴት አገር ሞሪሸስ ለሠራተኛዋ ሁሉ አገር አቀፍ ዝቅተኛ ደመወዝ የወሰነችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ትንሽ መሆኗ አላገዳትም።

ከዚህ የባሰውና ወደ እኛው ቤት የሚገባው የቤት ሠራተኞች ነገር ነው። የ1956ቱ አዋጅ ከውጭ ትቷቸው ነበር። የ2011ዱም ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ከወሰኑ አውጥቶ በሌላ ደንብ እንዲታይ አስተላልፎታል። የሚቀርላቸው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ እርሱም በቤቱ ለሚያድር ሠራተኛ አሠሪው በመኝታው፣ በምግቡ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቱ ረገድ ለጤናውና ለጠባዩ ደኅንነት እንዲጠነቀቅ ያዛል። ሞሪሸስ ግን የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2012 ከተቀበሉት የመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ናት።

ወዳጆቼ፣ እስኪ እውነቱን እንነጋገር። ለደመወዛችን ማነስ የምናማርር እኛ በቤታችን ከገጠር የመጣች ልጅ የለችምን? በስንት ሰዓት ተነሥታ በስንት ሰዓት ትተኛለች? የዕረፍት ቀኗ ስንት ነው? ደመወዟን የምትቀበለው ራሷ ናት ወይስ አክስቷ? ትምህርት ቤት እንድትሄድ የማታ ክፍል ከፍተንላታል ወይ? ሕግ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ገጽ ወረቀት አንሥተን፣ ደመወዟን፣ የዕረፍት ቀኗንና የሥራ ሰዓቷን ጽፈን፣ አንብበንላት ፈርመን ብንሰጣት የሚከለክለን የለም። አሠሪ የሚባለው ፋብሪካ ያለው ሰው ብቻ አይደለም።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ተማሪውና ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ማንበብና መጻፍ ያውቃሉ። በየመንገዱ ዳር የቆመው ሰው የሚያጣው ብዙውን ጊዜ ሕጉን ሳይሆን ሕጉን የሚያነብለት ሰው ነው። ስለዚህ ለዘመዳችሁ፣ ለጐረቤታችሁ፣ ለመሥሪያ ቤታችሁ ዘበኛ እነዚህን አራት ነገሮች ንገሩልኝ፦ የተቀጠርህበትን ቀን ጻፍ፤ የደመወዝ ወረቀትህን አትጣል፤ ጥያቄህን በጽሑፍ አድርገህ ቅጂውን ያዝ፤ ከተሰናበትህ ደግሞ ሦስት ወር እንዳያልፍህ።

ያ ልጅ ክሱን ያቀረበው በአምስተኛው ወር ነው። ሁለት ዓመት ስለ መሥራቱ አንድም የድርጅቱ ወረቀት አልነበረውም። የረዳው በትምህርት ቤት ይጠቀምበት የነበረው አሮጌ ደብተር ነው። ዕቃ የቈጠረበትን እሑድ ሁሉ ከነቀኑ ጽፎበት ነበር፤ አብረውት የሠሩ ሁለት ሰዎችም መሰከሩለት። ነገሩ በመጨረሻ በስምምነት አለቀ። ያገኘው ገንዘብ ከጠየቀው ያነሰ ነው፤ ሥራውንም ሌላ ሰው ይዞታል። አሁን በሌላ ቦታ ተቀጥሯል፤ በዚህኛው ቦታ በ15 ቀኑ ውስጥ ወረቀቱን ጠይቆ ተቀብሏል።

ገንዘቡን የተቀበለ ዕለት ወደ ትምህርት ቤቱ መጥቶ አመሰገነኝ። ሊሄድ ሲል ጥቂት አመነታና፣ «መምህር፣ ይህን የሦስት ወሩን ነገር በክፍል ነግረውን ነበር እንዴ? እኔ ረስቼው ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ።

አልረሳውም። እኔ አልነገርኋቸውም። ስለ ሮማ ሕግ፣ ስለ ፈረንሳይ አብዮት፣ ስለ ሦስቱ የመንግሥት ክፍሎች በሰፊው አስተምሬአቸዋለሁ፤ ሦስት ወር የምትለዋን ቁጥር ግን እኔም አላውቃትም ነበር። ከመስከረም ጀምሮ በክፍሌ ሰሌዳ ላይ እጽፋታለሁ። እናንተም በየቤታችሁ ጻፉልኝ።